ከአውሮራ ወደ አዲስ አበባ፦ የጌም መጫወቻ ሲገዛ፣ ሲጠገንና ሲላክ መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ቤት ሲጓዙ ሻንጣቸው ባዶ አይሄድም። ልብስ፣ ጫማ፣ ቫይታሚንና ስልክ የተለመዱ ናቸው። አሁን አሁን ደግሞ የእህት ወይም የወንድም ልጅ በስልክ ደጋግሞ የጠየቀው የቪዲዮ ጌም መጫወቻ በልብሶች መሃል ተጠቅልሎ ይሄዳል።

ዕቃው ውድ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ኅዳር 2020 በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል ዲስክ የሚያነበው ዓይነት 499 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሶኒ ነሐሴ 2025 ላይ ባደረገው ጭማሪ ዋጋው 549.99 ዶላር ደርሷል። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም በ499 ዶላር ጀምሮ ጥቅምት 2025 ላይ 649.99 ዶላር ገብቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ግን በአንድ የተሳሳተ ሶኬት ምክንያት በደቂቃ ውስጥ ሊቃጠል፣ በአካውንት ጉዳይ አገልግሎት ሳይሰጥ ሊቀመጥ፣ ወይም ሲበላሽ የሚጠግነው ሊያጣ ይችላል። ለመሆኑ ገዥዎች፣ ላኪዎችና ተጫዋቾች ምን ማወቅ ይኖርባቸዋል?

በአሜሪካ የተገዛ መጫወቻ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርትዝ ነው። የኢትዮጵያው ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ነው። ልዩነቱ እጥፍ ገደማ በመሆኑ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

መልሱ የሚገኘው ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ነው። "100-240" የሚል ቁጥርና የቮልት ምልክት፣ እንዲሁም "50/60" ኸርትዝ የሚል ካለ ዕቃው በሁለቱም አገሮች ይሠራል። "100-127" ወይም "120" ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ታስቦ አልተሠራም፤ ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ይሸጥ የነበረው የኤክስቦክስ 360 የኃይል ሳጥን ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ይመደባል። የኔንቴንዶ ስዊች ቻርጀር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ሶኬት መቀየሪያው ነው። በጥቂት ዶላር የሚገዛው ትንሽ መቀየሪያ የሚለውጠው የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቱን አይነካውም። ጠፍጣፋው የአሜሪካ ሶኬት በክቡ የኢትዮጵያ ሶኬት ላይ እንዲገጥም ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለውም።

ጽሑፉ "100-240" የሚል ከሆነ ከመቀየሪያ የተሻለ አማራጭ አለ። ፕሌይስቴሽን 5ም ሆነ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የሚጠቀሙት ጫፉ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለውን፣ በቴፕና በራዲዮ የሚታወቀውን ተራ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ይህ ገመድ አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። ገመዱን መቀየር ላልቶ ከሚወላወል መቀየሪያ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

የጌም ኮምፒውተር (ዴስክቶፕ) የሚልክ ሰው ደግሞ የኃይል ሳጥኑን ጀርባ ማየት አለበት። አንዳንድ የቆዩ ሳጥኖች "115" እና "230" የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሰካ ሳጥኑ ይፈነዳል፤ አብሮትም ሌላ ክፍል ሊወስድ ይችላል። አዳዲሶቹ በአብዛኛው ቮልቱን ራሳቸው ለይተው ስለሚቀበሉ ይህ ማብሪያ የላቸውም።

ከአሜሪካ መላክ የሌለበት አንድ ዕቃም አለ፤ ለ120 ቮልት የተሠራ የኤሌክትሪክ መጨመርን የሚከላከል ማከፋፈያ። በውስጡ ያለው መከላከያ 220 ቮልትን እንደ አደጋ ቆጥሮ ለማገድ ስለሚሞክር ወዲያው ሊጨስ፣ ብሎም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መጫወቻው ራሱ 240 ቮልት ድረስ የሚቀበል ቢሆን እንኳ ማከፋፈያው ከዚያው ከኢትዮጵያ ቢገዛ ይመረጣል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ የተለያየ ጥቅም አላቸው። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ምንም አያደርግም። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ይሰጣል። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጨዋታ ላይ ሲሆን 200 ዋት ገደማ የሚወስድ ሲሆን ቴሌቪዥኑ ሲጨመር ፍጆታው ከፍ ይላል። ስለዚህ ከአነስተኛ ዩፒኤስ የሚጠበቀው ጨዋታውን መዝግቦ መጫወቻውን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው። ይህም ቀላል አይደለም፤ መጫወቻው መረጃ እየጻፈ ሳለ ኃይል ድንገት ሲቋረጥበት የተመዘገበው ጨዋታ ሊበላሽ ይችላልና።

ከፍታ መጫወቻን ይጎዳል?

ዴንቨር "የአንድ ማይል ከተማ" የሚል ቅጽል ስም ያገኘችው ከባሕር ጠለል በላይ 5,280 ጫማ ወይም 1,609 ሜትር ላይ በመሆኗ ነው። አውሮራ ከእርሷ ትንሽ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ ደግሞ ሁለቱንም ትበልጣለች፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። የአውሮራ እህት ከተማ የሆነችው አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ከ1995 ጀምሮ የዴንቨር እህት ከተማ የሆነችው አክሱም ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ።

ከፍ ባለ ቦታ አየር ይሳሳል። በዴንቨር የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በ15 በመቶ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። የጌም መጫወቻዎችና ኮምፒውተሮች ሙቀታቸውን የሚያስወጡት በአየር ነው። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

ይህ ማለት መጫወቻው ይበላሻል ማለት አይደለም። ዘመናዊ መሣሪያዎች ሙቀታቸውን እየለኩ የማራገቢያውን ፍጥነት ራሳቸው ይጨምራሉ። ዳርቻው ላይ ድምፁ የማይሰማ ኮምፒውተር ዴንቨር ሲመጣ ጮክ ብሎ ቢሰማ የሚገርም አይደለም። ጉዳዩ የሚከብደው ሌላ ችግር ሲታከልበት ነው፤ መጫወቻው በተዘጋ የቴሌቪዥን ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከላዩ ላይ ጨርቅ ሲደረብበት፣ ወይም የአየር ማስገቢያው በአቧራ ሲደፈን። ባሕር ጠለል ላይ ይህን የሚቋቋም መሣሪያ ከፍታ ላይ በሙቀት ምክንያት ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። በጀርባውና በጎኑ ቢያንስ አንድ ጋት ክፍት ቦታ መተው፣ በየጥቂት ወሩም አቧራውን ማጽዳት ከምንም በላይ ይጠቅማል።

በፕሮጀክተር የሚጫወቱ ሰዎች ማስተካከል ያለባቸው አንድ ነገር አለ። ብዙ ፕሮጀክተሮች በምርጫ ዝርዝራቸው ውስጥ "የከፍተኛ ቦታ" አሠራር አላቸው። ለምሳሌ ኤፕሰን ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ይህ አሠራር እንዲበራ ያሳስባል። ዴንቨርም፣ አውሮራም፣ አዲስ አበባም ከዚህ መስመር በላይ ናቸው። አሠራሩ ሳይበራ ከቀረ መብራቱ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

በሌላ በኩል የሚሽከረከር ዲስክ ያላቸው የቆዩ ሃርድ ዲስኮች የሚያነብበው ጫፍ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ በመሆኑ፣ አምራቾች በአብዛኛው 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ገደብ ያስቀምጡላቸዋል። ከተጠቀሱት ከተሞች ይህን የሚያልፍ የለም። ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌላቸው ኤስኤስዲዎች ደግሞ የአየሩ መሳሳት አያሳስባቸውም።

ደረቅ አየርና መብረቅ

የኮሎራዶ ክረምት ደረቅ ነው። ምንጣፍ ላይ ተራምዶ የበር እጀታ ሲነካ ብልጭ የሚል ንዝረት የተሰማው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል። ለሰው ጣት ቁንጥጫ የሆነው ያ ንዝረት ለኮምፒውተር ክፍሎች ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። የማስታወሻ ካርድ፣ ኤስኤስዲ ወይም ግራፊክስ ካርድ የሚገጥም ሰው ሥራውን ከምንጣፍ ላይ ሳይሆን ከጠረጴዛ ላይ ቢያደርግ፣ ከመጀመሩ በፊትም የኮምፒውተሩን ያልተቀባ ብረት ቢነካ አደጋውን ይቀንሳል።

በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ ደግሞ ሌላ ሥጋት ነው። ተራ ማከፋፈያና መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ሲታዩ ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። መከላከያ ያለው ላይ አቅሙ በጁል ተጽፎ ይገኛል። ሆኖም ቅርብ የወደቀን መብረቅ ሙሉ በሙሉ የሚያግድ የለም፤ አስተማማኙ መፍትሔ ገመዱን መንቀል ነው። ከኢንተርኔት መስመሩ የሚመጣው ገመድም እንዲሁ መነቀል አለበት።

ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የኮሎራዶ ሕግ ምን ይላል?

ኮሎራዶ በአሜሪካ "የመጠገን መብት" በሚባለው ንቅናቄ ከቀዳሚዎቹ ግዛቶች አንዷ ነች። በ2022 በኤሌክትሪክ ለሚሠሩ ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ በ2023 ለእርሻ መሣሪያዎች ሕግ አውጥታለች። ግንቦት 2024 ደግሞ ገዥው ጃሬድ ፖሊስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን የሚመለከተውን ሦስተኛ ሕግ ፈርመዋል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያ፣ ሶፍትዌርና የጥገና መመሪያ ለባለቤቶችና ለግል ጠጋኞች እንዲያቀርቡ ይገደዳሉ። አንድን መለዋወጫ ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ በሶፍትዌር አቆራኝቶ፣ በሌላ ሲተካ እንዳይሠራ ማድረግንም ይገድባል። ሕጉን መጣስ በግዛቱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አሳሳች የንግድ ተግባር ሆኖ የሚቆጠር በመሆኑ አቤቱታ ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይቻላል።

ለጌም ተጫዋቾች ግን ትልቅ ክፍተት አለ። ሕጉ ላፕቶፕን፣ ዴስክቶፕን፣ ስልክንና ታብሌትን ሲሸፍን የጌም ኮንሶሎችን ለይቶ አስቀርቷል። በ2023 የወጡት የሚኒሶታና የካሊፎርኒያ ሕጎችም ተመሳሳይ ልዩነት አድርገዋል። የጌም ኢንዱስትሪው መከራከሪያ፣ የጥገና መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች ከተለቀቁ የተሰረቁ ጌሞችን ለማጫወት መንገድ ይከፍታሉ የሚል ነው። የመጠገን መብት ተሟጋቾች በበኩላቸው ይህ ሥጋት የተሰበረ መሰኪያ ወይም የደከመ ማራገቢያ ለመቀየር እንቅፋት መሆን የለበትም ይላሉ።

ውጤቱ ተጨባጭ ነው። በአውሮራ የሚኖር ሰው የጌም ላፕቶፑ ቢበላሽ በሕግ የተደገፈ የመለዋወጫና የመመሪያ መብት አለው፤ ኮንሶሉ ቢበላሽ ግን በዚህ ሕግ የለውም።

ኮንሶል ሲጠገን ከሁሉም የሚያስቸግረው ዲስክ ማንበቢያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 5ቶች ማንበቢያው ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ከሌላ መጫወቻ ተወስዶ የተገጠመ ማንበቢያ ዲስክ አያነብም። የአሜሪካ ፌዴራል የቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ዓይነት ዲጂታል ቁልፎችን መስበርን ይከለክላል። ይሁንና በ2021 የአገሪቱ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለኮንሶል ዲስክ ማንበቢያ ጥገና ሲባል ጠባብ የሆነ ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል። ፈቃዱ ቁልፉን መክፈት ሕገወጥ እንዳይሆን ቢያደርግም፣ ለመክፈቻው የሚሆነውን መሣሪያ አምራቹ እንዲያቀርብ አያስገድድም።

ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከተነሳ ዋስትናው ይቀራል?

በብዙ መጫወቻዎችና የኮምፒውተር ክፍሎች ላይ "ይህ ከተነሳ ዋስትናው ይሰረዛል" የሚል ወረቀት ይለጠፋል። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ የሚሠራው የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ግን አምራቾች ዋስትናን በራሳቸው መለዋወጫ ወይም በራሳቸው ጠጋኝ መጠቀም ላይ እንዲመሠርቱት በአጠቃላይ አይፈቅድም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሚያዝያ 2018 ላይ ለስድስት ኩባንያዎች በዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ጽፏል፤ ከእነርሱ መካከል ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኔንቴንዶ ይገኙበታል። ሐምሌ 2024 ላይ ደግሞ አስሮክ፣ ዞታክና ጊጋባይት የተባሉት የኮምፒውተር ክፍሎች አምራቾች ተመሳሳይ ደብዳቤ ከደረሳቸው ውስጥ ናቸው።

ይህ ሲባል ባለቤቱ ራሱ ያደረሰውን ጉዳት አምራቹ ይሸፍናል ማለት አይደለም። ፕሌይስቴሽን 5 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዋናው ቺፕና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፈሳሽ ብረት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። አላግባብ ተከፍቶ በሰሌዳው ላይ ከፈሰሰ መጫወቻውን ይገድለዋል። ስለዚህ ጠጋኝ ሲመረጥ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "በፈሳሽ ብረት ሠርተህ ታውቃለህ?" የሚለው ነው። አቧራ ለማጽዳትና ማከማቻ ለመጨመር ግን እስከዚያ ድረስ መክፈት አያስፈልግም፤ የውጪውን ክዳን ማንሳት ይበቃል።

ዋስትና አገርም አለው። በአሜሪካ የተገዛ መጫወቻ የአንድ ዓመት ዋስትናው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቢበላሽ ላኪው መልሶ ወደ አሜሪካ ማምጣት ሊጠበቅበት ይችላል። በዚህ ምክንያት አዲስ መጫወቻ ከመላኩ በፊት ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት አውሮራ ውስጥ ቢሠራበት ከፋብሪካ የመጣ ጉድለት ካለው በጊዜ ይታያል።

ማከማቻው ሲሞላ

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 ማከማቻ 825 ጊጋባይት፣ የኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ደግሞ 512 ጊጋባይት ነበር። አንዳንድ ጌሞች ብቻቸውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዙ ቦታው ቶሎ ያልቃል። ማስፋፊያው እንደ መጫወቻው ዓይነት ይለያያል።

ፕሌይስቴሽን 5 ለኮምፒውተር የሚሠራውን "ኤም ዶት ቱ" የተባለ ኤስኤስዲ ይቀበላል። ዓይነቱ ፒሲአይኢ ጄን 4፣ የማንበብ ፍጥነቱ በሰከንድ 5,500 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ እንዲሆን ሶኒ ይመክራል። የብረት ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ ከነማቀዝቀዣው ቁመቱ ከ11.25 ሚሊ ሜትር ካለፈ ክዳኑ አይዘጋም። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ኤስ ግን ለእነርሱ ብቻ የተሠራ የማስፋፊያ ካርድ ይጠይቃሉ። ሰኔ 2025 የወጣው ኔንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ ጌም የሚያስቀምጠው "ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ" በተባለው አዲስ ካርድ ላይ ብቻ ነው። ለቀድሞው ስዊች የተገዛው ካርድ መሰኪያው ውስጥ ቢገባም ለዚህ አያገለግልም።

ዊንዶውስ 10 ባለው ኮምፒውተር መጫወት ይቻላል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ የደኅንነት ማሻሻያ ግን አይደርሰውም። ለግል ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው የተራዘመ ማሻሻያ የሚቆየው እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2026 ነው።

ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር "ቲፒኤም 2.0" የተባለ የደኅንነት ቺፕና "ሴኪዩር ቡት" የተባለ አሠራር ያስፈልጋል። በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ኢንቴል በፊት የወጡ ኮምፒውተሮች በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ለልጃቸው ያገለገለ ላፕቶፕ የሚፈልጉ ወላጆች ሻጩን መጠየቅ ያለባቸው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ጉዳዩ ከደኅንነትም ያልፋል። አጭበርባሪ ተጫዋቾችን ለመከላከል ሲባል አንዳንድ ጌሞች እነዚህን አሠራሮች ግዴታ አድርገዋል። ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0ንና ሴኪዩር ቡትን ይጠይቃል፤ ጥቅምት 2025 የወጣው ባትልፊልድ 6 ደግሞ ያለ ሴኪዩር ቡት አይከፈትም። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ አሠራሩ እያለው የተዘጋ ስለሚሆን፣ አዲስ ከመግዛት በፊት በኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ማየት ያዋጣል።

ራሳቸው ኮምፒውተር ገጣጥመው መሥራት ለሚፈልጉ፣ በዴንቨር ምሥራቅ ኩዊንሲ ጎዳና የሚገኘው ማይክሮ ሴንተር ክፍሎቹን በአካል ዓይቶ መግዛት ከሚቻልባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

አካውንቱ የየትኛው አገር ይሁን?

ኢትዮጵያ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። የዚህ ትርጉም በግንቦት 2024 በግልጽ ታይቷል። ሶኒ "ሄልዳይቨርስ 2" የተሰኘውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲኖራቸው ለማስገደድ ሲያቅድ ጌሙ በርካታ አገሮች ውስጥ ከሽያጭ ወርዶ ነበር። ተጫዋቾች ባሰሙት ተቃውሞ ሶኒ ግዴታውን አንስቷል።

አካውንት ሲከፈት የተመረጠው አገር በኋላ አይቀየርም። የአሜሪካ አካውንት የሚቀበለውም በአሜሪካ ዶላር የተሸጠ የስጦታ ካርድ ነው። አውሮራ ያለ ዘመድ ለአዲስ አበባው ልጅ ጌም ሊገዛለት ካሰበ፣ የሚልከው ካርድና የልጁ አካውንት የአንድ አገር መሆናቸውን ማረጋገጥ አለበት።

የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ዲስኮች በአገር አይገደቡም፤ ዴንቨር የተገዛ ዲስክ አዲስ አበባ ይሠራል። የፊልም ዲስክ ግን ይለያል። ለብሉሬይ አሜሪካ በክልል "ሀ"፣ ኢትዮጵያ በክልል "ለ" ዓይነት የተለያየ ምድብ ውስጥ ስለሚገኙ፣ ከመርካቶ የተገዛ ፊልም ከአሜሪካ በመጣ መጫወቻ ላይከፈት ይችላል።

ከኅዳር 2023 ጀምሮ የሚሸጡት ቀጠን ያሉት ፕሌይስቴሽን 5ቶች ዲስክ ማንበቢያቸው የሚነቀል ነው። ማንበቢያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም በኢንተርኔት ተገናኝቶ መመዝገብ አለበት። ይህ ሥራ ከጉዞው በፊት አውሮራ ውስጥ ቢያልቅ፣ ተቀባዩ ኢንተርኔት ሳይኖረው እንኳ ዲስክ ማጫወት ይችላል።

ጌሞችንም አስቀድሞ ማውረድ ይመከራል። 100 ጊጋባይት የሆነ ጌም በሰከንድ 300 ሜጋቢት በሚደርስ የአውሮራ መስመር ከአንድ ሰዓት በታች ይወርዳል። በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሆነ መስመር ግን 11 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ክፍያው በጊጋባይት ከሆነ ደግሞ ወጪው ሌላ ነው።

ከጉዞ በፊት የባንክ ካርድን ከመጫወቻው ላይ ማጥፋትና ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማብራት ተገቢ ነው። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ደግሞ በአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ መሠረት በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ መሄድ አይችሉም። የጉምሩክ ቀረጥንም ከመነሳት በፊት መጠየቅ ካልታሰበ ወጪ ያድናል።

ዴንቨርና አዲስ አበባ አብረው መጫወት ይችላሉ?

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኢንተርኔት መስመር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ መረጃ ደርሶ ለመመለስ ከ130 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። እውነተኛው መስመር በባሕር ሥር ዞሮ፣ በብዙ አገሮች አልፎ የሚሄድ በመሆኑ ከዚህ በእጅጉ ይረዝማል። ተጫዋቾች "ፒንግ" የሚሉት ይህ መዘግየት ነው።

የእግር ኳስ ወይም የተኩስ ጌም ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ በሆነ ፒንግ ሲጫወቱት ይከብዳል፤ ኳሱ የሚመታው ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ቆይቶ ነው። ውድ ራውተር ወይም ፈጣን የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ርቀቱን አያሳጥረውም። ሊቀነስ የሚችለው ቤት ውስጥ የሚጨመረው መዘግየት ነው፤ ለዚህም ከዋይፋይ ይልቅ መጫወቻውን በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ይረዳል። ጌሙ ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ ደግሞ አውሮፓ ያለውን መምረጥ መዘግየቱን ለሁለቱም ወገን ያካፍለዋል።

ተራ በተራ የሚጫወቷቸው ጌሞች ግን ፒንግ አያስቸግራቸውም። ቼዝ ለዚህ ይመቻል። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ቅኔ ጌምስ በስልክ የሚጫወቱት የገበጣ ጌም ሠርቷል፤ "ኩኩሉ" የተሰኘው ሌላው ሥራው ደግሞ ለበዓል እንዳትታረድ የምትሸሽ ዶሮን ያስሮጣል።

ሰዓቱም መታሰብ አለበት። በክረምት ዴንቨር ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት፣ በበጋ በ9 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ጥር ላይ አውሮራ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

ያገለገለ መጫወቻ ሲገዛ

አዲሱ ሲወደድ ብዙዎች ወደ ያገለገለው ያዘነብላሉ። ግዢው ከሻጭ ጋር ሰው በሚበዛበት ቦታ ተገናኝቶ፣ መጫወቻውን ሰክቶ ዓይቶ ቢሆን ይመረጣል። ቢያንስ የሚከተሉትን ማየት ያስፈልጋል፦

በመጀመሪያ፣ በገዥው አካውንት ወደ ኔትወርኩ መግባት። መጫወቻው በአምራቹ ታግዶ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ዲስክ አስገብቶ ማስነሳት። ከላይ እንደተገለጸው ማንበቢያው በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከባድ ጌም ከፍቶ ቢያንስ 20 ደቂቃ መጫወት። የሙቀት ችግር ያለበት መጫወቻ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አይታወቅም።

አራተኛ፣ ጆይስቲኩን ሳይነኩ ማስቀመጥ። ተጫዋቹ በራሱ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ ዱላው ተበልቷል፤ ወጪው በዋጋው ላይ መታሰብ አለበት።

በመጨረሻም፣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው እንዳልተጣመመና የዕቃው መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን ማመሳከር። ከዚህ በኋላ የሻጩ አካውንት ጠፍቶ መጫወቻው ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለሱን ገዥው ራሱ ዓይቶ ሲያረጋግጥ ገንዘቡን መክፈል ይችላል።